ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሰባት

በየዓመቱ በኅዳር፣ ሙቀቱ ትንሽ ሲላላ፣
የደም ግፊት መለኪያዬን፣ የሽንት ብልቃጡን፣ ቅጹን ይዤ
በባጃጅ ደቻቱን ተሻግሬ ገንደ ቆሬ እገባለሁ።
በሩ ሰማያዊ ነው፤ ቀለሙ ዘንድሮ ከአምና ይልቅ ተልጧል።
ይህንንም ልጽፍ ይቃጣኛል። ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።

ሮብሌ ዋበሪ፤ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣
ሠላሳ ዓመት ፍሬን ሲጠግን የኖረ።
በመጀመሪያው ቀን አንቱ ብለው ተቆጣኝ፦
«አቦ፣ ድሬ ነው ያለሽው!»
ለጥናቱ ግን ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ነው፤
ስሙ ሆስፒታል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።
«ማደሞዜል መጣች!» ይላል፣ እኔን የሁለት ልጆች እናት፣
ሳልነግረው እጅጌውን እየሰበሰበ።

ጎረቤቱ ተዋበች ከአጥሩ ማዶ ትሰማናለች፦
«ልብና ኩላሊት መርማሪው አንድ ነው ሲባል ነው ያደግነው፤
እናንተን ደግሞ ማን ሾማችሁ?»
እስቃለሁ። መልስ የለኝም።
እኛ የምንመረምረው ላይ ላዩን ነው፣ ተዋቡ፤
አንድ ብልቃጥ ሽንት፣ ሁለት ቱቦ ደም፣
ደረት ላይ የሚለጠፍ ቀዝቃዛ ሽቦ፣
ወረቀት ላይ የሚዘል ቀጭን መስመር።

በመጀመሪያው ዓመት የኩላሊቱ የማጣራት አቅም ስድሳ አንድ ነበር።
ከዚያ ሃምሳ ሰባት። ሃምሳ ሁለት።
በአራተኛው ዓመት እንደገና ሃምሳ ሁለት፤
ያን ቀን ሀብሃብ ቆርሶ አበላኝ።
ከዚያ አርባ አራት፤ የልቡም የግራ ግድግዳ መወፈር ጀመረ።
ዘንድሮ ሠላሳ ስምንት።
«ምንም አያመኝም» ይላል። እውነቱን ነው።

አሸዋ ብቻ ነው ደቻቱ ሲያዩት፣
ከሥር ግን ያጣራል ውኃውን በሌሊት።
ሰው ድምፁን አይሰማም ሲሠራ ሲከርም፣
አልቆ እስኪያገኙት ማንም አይጠይቅም።
ኩላሊትም ያው ነው፤ ልብ ነው የሚጮኸው፣
የወንድሙን ዕዳ ሲሸከም ለብቻው።

ስንጀምር አንድ ሺህ ሁለት መቶ ነበሩ።
አንዱ ጅቡቲ ወረደ፣ አንዷ ልጇ ጋ ጅግጅጋ ሄደች፤
ቁጥር ዘጠናን ቀበርን፤ ቁጥር አራት መቶ ሁለት
«ደሜን ለማን ነው የምትሸጡት?» ብሎ በሩን ዘጋብን።
ለሁሉም ቅጹ ሣጥን አለው፤ ራይት ማድረግ ብቻ ነው።

ሮብሌም አንድ ዓመት ጠየቀኝ፦ «ውጤቱ መቼ ነው?»
«ገና ዘጠኝ ዓመት ይቀረዋል። ላንተ ላይደርስ ይችላል።»
ረጅም ዝም አለ። ዝንቡን እሽ አለ።
«አቦ፣ የኔን ፍሬን ያመነ መንገደኛ
ስሜን ጠይቆ ያውቃል?
ቁልቁለቱ ላይ ባቡሩ ቆመለት፤ በቃ።
ጻፊ!»

ዘንድሮ ግን ለክቼው ስጨርስ መሣሪያውን ከእጄ ወሰደ።
«አሁን ክንድሽን።»
«እኔ እኮ ጥናቱ ውስጥ የለሁም።»
«ማን አወጣሽ?»
አሥራ አንድ ዓመት ሲያየኝ እጁ ተክኗል፤
ጨርቁን ጠቀለለ፣ ነፋ፣
መርፌዋን እንደ ድሮው የፍሬን አየር በአንድ ዓይኑ ጠበቃት።
መቶ ስድሳ ስምንት በመቶ አራት።
ደግሞ ለካ። ያው።
ሙቀቱን፣ ባጃጁን፣ ያጣሁትን እንቅልፍ፣
ከሰው የማልቀበለውን ሰበብ ሁሉ ደረደርኩለት።

ከትራሱ ሥር አሮጌ መዝገብ አወጣ፤
«መነሻ ሰዓት»፣ «መድረሻ ሰዓት» የሚል ዓምድ ያለው።
ባዶ ገጽ ፈለገ፣ እርሳሱን በምላሱ አረሰ፣
ቀኑን ጻፈ፣ ግፊቴን ጻፈ፣
በስሜ ፈንታ «ቁጥር አንድ»።
«በሳምንቱ ትመለሻለሽ። ብትቀሪ
እኔ ሣጥን የለኝም፤ ፈልጌሽ እመጣለሁ።»

ተዋበች ከአጥሩ ማዶ ምንም አላለችም።

ባጃጅ አልያዝኩም፤ ደቻቱን በእግሬ አቋረጥኩት።
አሸዋው ጫማዬ ውስጥ ገባ።
መሐል ላይ ቆሜ፣ ሁለት ጣቴን አንጓዬ ላይ አድርጌ፣
እንደማላውቃት ሴትዮ
ቆጠርኳት።